«አራት» ያሉት ልብስ ሰፊ

ይህን የምጽፍላችሁ ከሰው ሰምቼ አይደለም። በገዛ ዓይኔ ያየሁት ነው። ማመን ያቃተው ካለ አልፈርድበትም... እኔም ባላየው በወደድኩ።

ጊዜው ቀን ነው። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። የካንሰር ሕሙማን የተኙበት ክፍል ፀሐይ ገብቶበት ወለሉ ያበራል።

ነርስ ነበርኩ። ዋናው ሐኪም ሕሙማኑን በየሳምንቱ ስለ ውስጣቸው እንድጠይቅ አዞኛል። ልብዎ ውስጥ ሰላም አለ? መኖርዎ ትርጉም ይሰጥዎታል? እምነትዎ ያጽናናዎታል? ጭራሽ ከሌለ ዜሮ፣ ሙሉ ከሆነ አራት ይላሉ።

መስኮቱ ስር የተኙት እማማ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ምላሳቸው ከመቀሳቸው ይብሳል።

መጀመሪያ ስጠይቃቸው አፈጠጡብኝ።

«ሥጋዬን በመርፌ መውጋቱ አልበቃ ብሎሽ ነፍሴን ልትለኪ መጣሽ?»

ለሁሉም ጥያቄ ዜሮ አሉኝ።

አጠገባቸው የተቀመጠችው ምራታቸው በሳቅ ፈረሰች። ደንዳና፣ ተጫዋች፣ ክፍሉን በወሬዋ የምታሞቅ ሴት ነበረች።

እማማ ዞር ብለው አዩዋት።

ከራስ እስከ እግሯ... ልብስ እንደሚለኩላት ሁሉ።

በሳምንቱ ስመለስ ፈገግ ብለው ጠበቁኝ። ሕመማቸው አልቀነሰም። መድኃኒታቸውም ያው ነው። ግን ለሁሉም ጥያቄ...

«አራት።»

ደስ አለኝ። ሌላውን ድምፅ እስክሰማ ድረስ።

እሳቸው «አራት» ከማለታቸው በፊት አንድ ሰው በሹክሹክታ ይቀድማቸዋል።

«ዜሮ...»

ምራታቸው ነበረች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። አንገቷ ቀጥኗል።

ኮሪደር አውጥቼ ምን ሆነሽ አልኳት። እጇን ከእጄ መንጭቃ አስለቀቀች።

«ሁለተኛ እንዳትጠይቂያት» አለችኝ ጥርሷን ነክሳ። «አንቺ በጠየቅሻት ቁጥር ከእኔ ነው የምትወስደው።»

«ምኑን?»

«እንጃ... ልጆቼን ሳቅፍ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ሲነኩኝ...»

ትታኝ ወደ ክፍሉ ተመለሰች።

አስታማሚ ይደክመዋል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

በቀጣዩ ሳምንት ምራትየዋ አልመጣችም። ባሏ እንደነገረን ልጆቿን ጥላ፣ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ፣ በባዶ እግሯ ወጥታ ሄዳለች። እስከ ዛሬ የገባችበት አይታወቅም።

ሐኪሙ ተስፋ የቆረጠባቸው እማማ ግን አልጋቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ጉንጫቸው ሞልቷል።

«ዛሬ ጥያቄ የለም፣ እማማ» አልኳቸው።

«እንግዲያው እኔ ልጠይቅሽ» አሉ ቀስ ብለው። «አንቺስ... ልብሽ ውስጥ ሰላም አለ?»

አፌ ከእኔ ቀድሞ መለሰ።

«አራት።»

ከንፈራቸውን በምላሳቸው አረጠቡ።

«ጎሽ... ቀረብ በይ።»

ወደ በሩ ሮጥኩ። ዘወር ብዬ ሳይ የሌሎቹ አልጋዎች ሕሙማን ሁሉ በዚያ ሙቀት ብርድ ልብሳቸውን እስከ አናታቸው ተከናንበዋል። አንድም የሚነቃነቅ የለም።

እማማ እኔን አያዩኝም ነበር። ምራታቸው ትቀመጥበት ወደነበረው ባዶ ወንበር ጎንበስ ብለው፣ ጣቶቻቸውን አየር ላይ እያመላለሱ፣ የማላየውን ጸጉር ይጎነጉናሉ።

የወንበሩ ስፖንጅ... ሰው እንደተቀመጠበት ሁሉ ወደ ውስጥ ሰምጧል።