ወደ ግራ የሚሄደው ሰውዬ

«እንዳትከፍተው» አልኩት።

ጠጋኙ ቀና ብሎ አየኝ። «ሳልከፍተው እንዴት ልጠግነው እህቴ? በጸሎት?»

ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ከነጆይስቲኩ በፎጣ ጠቅልዬ ያመጣሁት አሮጌ ጌም ማጫወቻ የሟቹ ባሌ ነው። ሲዲው እየተጫረ ሲያስቸግረው ራሱ ፈታትቶ ሃርድ ዲስክ ገጠመለትና ጌሞቹን ሁሉ እዚያ ላይ ገለበጣቸው። አሁን ሃርድ ዲስኩ መንቋቋት ጀምሯል።

ጠጋኙ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠው። «ሊሞት ነው» አለ። ወዲያው ፊቴን አየና ደነገጠ። «ማለቴ... ሳይቀድመኝ ሁሉንም ወደ አዲስ እገለብጥልሻለሁ።»

«እሱ ያቆመበት ቦታም ይገለበጣል?»

«ያቆመበትም።»

ያልነገርኩት ነገር ነበር። አመሻሽ ላይ ከልብስ ስፌቴ ስመለስ ባሌ ሳይጨርሰው የሞተውን ጌም ካቆመበት እከፍትና፣ ጆይስቲኩን እሱ ይቀመጥበት የነበረው ሶፋ ላይ አስቀምጣለሁ። ማንም ሳይነካው ቲቪው ውስጥ ያለው ሰውዬ ይንቀሳቀሳል። ወደ ግራ፣ ቀስ እያለ፣ እስከ ወንዙ ዳር ይሄዳል። ሰው ቢሰማ አበደች ይለኛል። እኔ ግን ራቴን የምበላው ከባሌ ጋር ነበር።

ጠጋኙ ሥራውን ጨርሶ ቤቴ ድረስ መጥቶ ገጠመልኝ። ከፈትኩት። ሰውዬው ቆሟል። ጠበቅሁ... አልተንቀሳቀሰም።

«ምን አደረግከው?»

«ጆይስቲኩ ተበልቶ ራሱ ወደ ግራ ይጎትት ነበር» አለ ደስ ብሎት። «ሳትጠይቂኝ የተበላውን ዕቃ ቀየርኩልሽ።»

«ውጣልኝ!»

ምን እንዳጠፋ ሳይገባው ወጣ። ያን ሳምንት ባሌ ለሁለተኛ ጊዜ ሞተብኝ።

እሁድ በሩ ተንኳኳ። ጠጋኙ የጆይስቲኩን የተበላ ዕቃ በወረቀት ጠቅልሎ ቆሟል።

«ሳስበው ሰነበትኩ። ሰው ለዕቃ እንደዚያ አይሆንም» አለ። «መልሼ ልግጠመው?»

ወለሉ ላይ ተቀምጦ ገጠመው። ሰውዬው መሄድ ሲጀምር አለቀስኩ። ጠጋኙ አይዞሽም አላለኝ፣ ተነስቶም አልሄደም። ሰው አጠገቤ ስለነበረ ይሁን አላውቅም፣ የጉዞውን መጨረሻ ያን ቀን በደንብ አየሁት። ሰውዬው ወንዙ ዳር ደርሶ፣ እግሩ እየተራመደ፣ ባለበት ቀርቷል።

«ደክሞታል» አልኩ።

«ድልድዩ በቀኝ በኩል ነው» አለ በቀስታ።

ጆይስቲኩን አነሳሁ። ወደ ግራ እየጎተተኝ ወደ ቀኝ ገፋሁት። ሰውዬው ድልድዩን ተሻገረ። ጌሙም ይመዝገብ ወይ ብሎ ጠየቀ።

«ከመዘገብሽ ባለቤትሽ ያቆመበት ይጠፋል።»

«አውቃለሁ።»

ጣቴን ቁልፉ ላይ ሳሳርፍ እጁን ደረበልኝ። ተጫንኩት። እጄን ግን ከእጁ ሥር አላወጣሁም።

ዛሬ ከጠጋኙ ጋር ተጋብተናል። እውነቱን የነገረኝ ከሠርጋችን በኋላ ነው። «ጠጋኝ ለራሱ ቅጂ ሳያስቀር ዕቃ አይመልስም፤ እሱ ያቆመበት አልጠፋም» አለኝ። «ያን ቀን ዝም ያልኩት አንቺው እንድትወስኚ ብዬ ነው።»

ቅጂው አሁንም ሱቁ ውስጥ አለ። ሲመሽ አንዳንዴ ያ ሰውዬ ወንዙ ዳር ባለበት ሲራመድ ይታየኛል። ቅጂውን አጥፋው ብዬው አላውቅም፤ እሱም ላጥፋው ወይ ብሎኝ አያውቅም።