«ጥቁሩ ነው» ያሉኝ ሰውዬ

ድምፅ ሰማሁ፣ መንፈስ ታየኝ የሚል ሰው ሲገጥመኝ ወሬ ለመቀየር የምቸኩል ሰው ነኝ፣ ሥራዬ ሶላር መጠገን ነው፣ መብራት እምቢ ካለ ወይ ሽቦ ተቆርጧል፣ ወይ ብሎን ላልቷል፣ ወይ ባትሪው ደክሟል፣ ከዚህ ሌላ ምክንያት አላውቅም ነበር። አሁንም እመኑኝ ብዬ አልለምናችሁም፣ ለብቻዬ ይዤው መቆየቱ ስለከበደኝ ነው የማወራችሁ።

አንድ አመሻሽ ላይ ሴቻ ሰፈር ያለችውን ሱቄን ልዘጋ ስል ስልኬ ጮኸ። ካምባ አካባቢ ደጋ ላይ የሚኖሩ እማማ ወርቅነሽ የሚባሉ ሴት ናቸው፣ ቁጥሬን ከጎረቤት ነው ያገኙት፣ ከዚያ በፊት ተያይተን አናውቅም። አምፖሉ ብልጭ እያለ ድርግም ይልባቸዋል፣ ልጃቸው ደግሞ በጨለማ አትቀመጪም፣ ከተማ እወስድሻለሁ እያለ አስጨንቋቸዋል። «ከዚህ ቤት ወጥቼ የት እገባለሁ?» አሉኝ በጋሞኛ።

በስልክ መጠገን አልወድም፣ ግን አሳዘኑኝ። ማብሪያውን አስጠፍቻቸው፣ ባትሪው አጠገብ አስቀምጫቸው፣ የቀዩን ሽቦ ብሎን ያጥብቁት ልላቸው ስል ከጀርባቸው የሽማግሌ ድምፅ ሰማሁ፣ ረጋ ያለ ድምፅ፣ «ቀዩን ተዪው፣ ጥቁሩ ነው፣ ከናስትሮው ሥር ተቆርጧል» አሉ፣ ከዚያ ዝቅ አድርገው፣ «እጅሽን ተጠንቀቂ፣ ሙሽራዬ።»

በዚህ ዕድሜ ሙሽራዬ የሚባባሉ ባልና ሚስት ብዬ ለብቻዬ ፈገግ አልኩ። «እሳቸው እንዳሉት ያድርጉ፣ ጥቁሩ ላይ የተጠቀለለውን ናስትሮ ይላጡት» አልኳቸው። ሲላጥ ይሰማኛል። እውነትም ተቆርጧል፣ ሁለቱን ጫፍ አጠማዘው ማብሪያውን ሲነኩት በራላቸው፣ መረቁኝ።

በሌላ ሳምንት ለሥራ ካምባ ስወጣ፣ በእጅ የተጠማዘዘ ሽቦ አይታመንምና በደንብ ልሠራላቸው ጎራ አልኩ። እማማ የተቀቀለ የቦዬ ሥር እየላጡልኝ፣ እኔ በካቻቪቴ እየታገልኩ፣ ባለቤታቸው የት እንደሄዱ ጠየቅኳቸው፣ ብልሽቱን ናስትሮው ሳይላጥ ማወቃቸው ገርሞኝ ነበር።

የእማማ እጅ ቆመ። ባለቤታቸው ከሞቱ ሁለተኛው መስቀል አልፏል። ሶላሩን የገጠሙት፣ ጥቁሩን ሽቦ ቀጥለው ናስትሮ የጠቀለሉበትም እሳቸው ናቸው። የደወሉልኝ ለት ደግሞ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም፣ «እሳቸው እንዳሉት» ስላቸው ሱቄ ውስጥ ያለ ሰው ማለቴ መስሏቸዋል።

በስልኩ አንድ ሽማግሌ «ጥቁሩ ነው» ሲሏቸው፣ በቁልምጫም ሲጠሯቸው መስማቴን ነገርኳቸው። መስመር ተጠላልፎ ይሆናል፣ እኛ አገር ያጋጥማል፣ ምናምን እያልኩ ቀባጠርኩ። እማማ አልሰሙኝም።

«ምን ብሎ ጠራኝ?» አሉ።

«ሙሽራዬ።»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሁለታችን ብቻ ስንሆን እንጂ አይለኝም ነበር፣ ልጆቻችን እንኳን ሲለኝ ሰምተው አያውቁም አሉኝ። ከሁሉ የከፋቸው ግን እኔ ባዳው ሰምቼ እሳቸው አለመስማታቸው ነው።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ለመኑኝ፣ ደጅ ወጥተህ ደውልልኝ አሉ። እንዴት እምቢ ይባላል? እንሰቱ መሀል ቆሜ ደወልኩ፣ አነሱት፣ በበሩ ስንጥቅ መብራታቸው ይታየኛል፣ በስልኩ ትንፋሻቸው ብቻ ነው የሚሰማኝ።

«ይሰማሃል?» አሉኝ።

ምንም አልነበረም። አንጀቴ አልችል ብሎ አዎ አልኩ።

«ምን ይላል?»

«እራት በላሽ ወይ ይላሉ» አልኩ፣ አፌ ላይ የመጣልኝን።

ይኼኔ በስልኩ ውስጥ ሽማግሌው ሳቁ። ለስለስ ያለ ሳቅ ነው፣ ያላሉትን ስላልኩላቸው ይመስለኛል። እማማ ግን አሁንም አልሰሙም፣ «አልበላሁም በለው» አሉኝ።

«አልበሉም» አልኩ፣ ለማን እንደምናገር ሳላውቅ።

ከዚያ ወዲህ መብራቱ ተበላሽቶባቸው አያውቅም፣ ሆኖም ሲመሽ አንዳንዴ ይደውላሉ፣ ሰላም ብለውኝ ዝም ይላሉ፣ እኔም ዝም ብዬ አዳምጣለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ምንም የለም። በቀደም ግን ያ የሽማግሌ ድምፅ በስሜ ጠራኝ፣ እማማ ደግሞ ልጄ ከማለት በቀር ስሜን ጠይቀውኝም አያውቁም።