ያልታጠበው ሻጋታ

በሰንዳር ቤተ መንግሥት ላይ ጨው የዘነበ ዕለት፣ የስያሜ ዳኛው ኢልማር ጣቱን ወደ ቀርማ ቆላ ቀሰረ።

«ጨው የበላው ምድር ሙት ነው፤ መቅሠፍቱም ከዚያ መጣ። የቀርማ ሕዝብ ከነልጆቹ ይነቀል።»

የቀርማዋ ወጣት ናርዲስ ከዙፋኑ ፊት ተንበርክካ አልተነሣችም።

«ጃንሆይ፣ ስም የወጣለት ሕያው ነገር ካለበት ምድር ሕዝብ አይነቀልም ይላል ሕጉ። በጨዋችን ላይ ሻጋታ አይቻለሁ። ካላመጣሁት አንገቴ ይኸው።»

ኢልማር ሳቀ፤ ማሾፍ ይቀናዋል። በሰንዳር ሥርዓት፣ ስም የሚወጣለት ነገር በተቀደሰው ምንጭ ይታጠባል፤ ስም አውጪውም ይቀምሰዋል። ከናርዲስ በፊት የሞከሩት ሁሉ ያመጡት ሻጋታ ገና ሲታጠብ ሟሽሾ ጠፍቶባቸዋል።

ናርዲስ ከአጎቷ ከአሮጌው ጦረኛ ዶርሐን ጋር፣ ዛርጎ የሚባሉትን ክንፋም አውሬዎች እየተዋጉ፣ ቀርማ ካለ አንድ የጨው ዋሻ ደረሱ። በግድግዳው ላይ ቀይና ጥቁር ሻጋታ ነበር። ከኮዳዋ ንጹሕ ውሃ ጠብ ብታደርግበት ሟሸሸ፤ የጨው ውሃ ብታደርግበት ግን ደመቀ።

«ለካ የገደልነው እኛ ነን» አለች በንዴት። «አጥበን ገድለን፣ ሙት ምድር አልነው!»

ከሁለቱ መርዙ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ መቅመስ ግድ ነበር። ዶርሐን ጥቁሩን ከእጇ ነጠቀ።

«አጎቴ፣ ተው!»

«አንቺ ከሞትሽ ማን ይናገርልናል?» ብሎ ጎረሰው። ወዲያው ወደቀ። «መራራ ነው። ከቀዩ ጋር እንዳትቀላቅዪው። ስሙን አንቺ አውጪለት።»

ሲሞት ጨው ውስጥ ቀበረችው። እየጮኸች አለቀሰች፤ ከዚያም ሻጋታዎቹን በየቅላቸው፣ በጨው ውሃ ይዛ ተመለሰች።

«ይታጠብ» አለ ኢልማር፣ አደባባይ በሞላ ሕዝብ ፊት።

«አይታጠብም።»

«ያልታጠበ የቀመሰ ምላሱ ይቆረጣል።»

«ሕጉ ምላሴን ይውሰድ፤ ምድሬን ግን ይመልስ» አለችና ቀዩን ዋጠች። አልወደቀችም።

«የቀዩ ስም ዶርሐን ነው» አለች። ወደ ዳኛውም ዞረች። «ገዳዩ ጥቁር ደግሞ ኢልማር ይባል።»

ንጉሡ የሕጉን ሁለቱንም ወገን ፈጸመ። ቀርማ ለሕዝቧ ጸናች፤ ናርዲስም ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣትም። የቀርማ እናቶች ግን ዛሬም ልጆቻቸውን ወደ ጨው ሜዳ ሲልኩ፣ «ኢልማርን እንዳትነኩ» ይላሉ።