ካሜራማኑን ያስቀረው ሶፍትዌር

ካሜራማኑ አንኳኩቶ ወደ ቦርሳ ስፌት ቤቱ ሲገባ እሷ ጠረጴዛው ሥር ተንበርክካ የወደቀባትን መርፌ ትፈልግ ነበር። ጸጉሯ በቁራጭ ጨርቅ ታስሯል፤ ጣቶቿ ማጣበቂያ በማጣበቂያ ሆነዋል።

«የቤቱ ባለቤት የለችም እንዴ?» አላት፣ የካሜራ ሻንጣውን ከትከሻው እያወረደ።

ቀና ብላ አየችው። አቤት ዓይን! ልቧ ድንግጥ አለ፤ አፏ ግን መቼ ዝም ይላል?

«ወጥታለች። ምን ብዬ ልንገራት?»

«የቦርሳዎቹን ቪዲዮ የሚያነሳው ካሜራማን መጥቷል በያት። ቶሎ ትመለሳለች? ቁጡ ናት ሲሉ ሰምቻለሁ...»

«ቁጡ ብቻ? ነብር ናት እንጂ!»

ጥግ ላይ ቆዳ የምትቆርጠው አክስቷ ሳቋን መያዝ አቃታት። «ኧረ አንቺ ልጅ፣ በሰው አትቀልጂ! ባለቤቷ እሷው ራሷ ናት፣ ልጄ።»

ካሜራማኑ የሚገባበት ጠፋው። እንዲህ ነው የተዋወቁት።

ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ይመጣ ጀመር። ቦርሳዎቿን እየሰፋች የምትሸጠው በኢንተርኔት ነው፤ ገዢ ደግሞ ፎቶ ብቻ አይቶ አያምንም። «ላፕቶፕ ይይዛል? ዚፑ ጠንካራ ነው?» እያለ ይጨቀጭቃታል። ስለዚህ እሱ አጫጭር ቪዲዮ ያነሳላታል፤ ዚፑ ሲከፈት፣ ላፕቶፑ ሲገባ፣ ማንገቻው ሲረዝም ሲያጥር። ከዚያ አንድ በአንድ በየቦርሳው የሽያጭ ገጽ ላይ ያስገባዋል። ገበያው ደራ። እሷ ግን ገበያውን መቼ አየች? ልቧ ሸፍቷል! አዲስ ቦርሳ ያልደረሰ እንደሆነ የአሮጌውን ቁልፍ ትቀይርና «ይሄ አዲስ ነው፣ መቀረጽ አለበት» ብላ ትጠራዋለች። አክስቷ ይህን ሁሉ እያየች ለብቻዋ ትስቃለች።

አንድ ቀን ታዲያ ካሜራውን ሳይዝ መጣ። ኮምፒውተሯን ከፈተና አንድ ሶፍትዌር ጫነላት።

«የቦርሳውን ፎቶዎች ብቻ ስጪው፤ አጭሩን ቪዲዮ ራሱ ይሠራዋል። ገጹ ላይም ራሱ ያስገባልሻል። ከእንግዲህ እኔ አላስፈልግሽም።»

ፈገግታዋ ድርግም አለ።

«ሰለቸንህ ማለት ነው?»

«እንደሱ አይደለም... እኔ እኮ ልልሽ የፈለግኩት...»

«ግድ የለም፣ ገባኝ። ለሁሉም አመሰግናለሁ።»

ወደ ስፌት ማሽኗ ዞረች። እሱም አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ደጋግሞ ቢደውልም አላነሳችለትም። ኩራት ክፉ ነገር ነው!

ሶፍትዌሩ ደግሞ፣ የተረገመ፣ ጥሩ ይሠራል! ቢበላሽ እኮ «ና አስተካክልልኝ» ለማለት ሰበብ ይሆናት ነበር። ገበያው እንደ ድሮው ነው፤ እሷ ግን እህል አልወርድ አላት።

«ሥራው ሳይበላሽ ፊትሽ ምነው ተበላሸ?» አለቻት አክስቷ።

«ምንም አልሆንኩም።»

«ተይ እንጂ! እኔን ነው የምትሸውጂው? ለመሆኑ እንጀራውን በገዛ እጁ የሚዘጋ ሰው ምን አስቦ እንደሆነ ጠይቀሽዋል?»

አልጠየቀችውም። ያን ጊዜ አፈረች።

በማግስቱ ስቱዲዮው ድረስ ሄደች። «ሰልችተሽኝ ነው» ቢላትም እንኳ ከራሱ አፍ ልትሰማው ቆርጣለች። እሱ አንድ እግር ጫማ ጠረጴዛ ላይ እያዞረ ይቀርጻል፤ አንድ ሸበቶ ጫማ ሻጭ ሌላኛውን እግር ይዘው አጠገቡ ቆመዋል። ሲያያት ካሜራው ከእጁ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም።

«አሁንም በካሜራ ነው እንዴ የምትሠራው?» አለችው ግራ ተጋብታ። «ሶፍትዌሩን ለእሳቸው አላሳየሃቸውም?»

«አላሳየኋቸውም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ለእኔ ብቻ?»

«ላንቺ ብቻ።»

«የምን ሶፍትዌር ነው?» አሉ ጫማ ሻጩ። የሰማቸው የለም።

እንባዋ መጣ። «ከሰው ሁሉ መርጠህ ከእኔ ብቻ ለምን ሸሸህ?»

«አልሸሸሁም! ከአንቺ ክፍያ እየተቀበልኩ እወድሻለሁ ማለት አቃተኝ። ለገበያሽ ብዬ የምጠጋሽ እንዳይመስልሽ ፈራሁ። መጀመሪያ ሥራው ከመሃላችን ይውጣ አልኩ... ያን ቀን ልነግርሽ ነበር አመጣጤ። አልሰማሽኝም!»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ዝም ትለኛለህ?»

«ስልክ መቼ አነሳሽልኝ?»

ወንበር ስባ ተቀመጠችና እንደ ሕፃን ማልቀስ ጀመረች።

«እኔም እወድሃለሁ» አለችው። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እወድሃለሁ!»

ሸበቶው ሰው ጫማውን ቀስ አድርገው አስቀመጡ። «በሉ፣ ጉዳያችሁን ስትጨርሱ ስለዚህ ሶፍትዌር ለእኔም ታስረዱኛላችሁ» ብለው ወጡ። ካሜራማኑ አንድ ደንበኛ ማጣቱ ነው፤ ጉዳዬም አላለው።

ወዲያው ስልኳ ጮኸ። አክስቷ ናት።

«እህስ፣ ምን አለሽ?»

እያለቀሰች ትስቅ ጀመር። እሱ ስልኩን ከእጇ ቀስ ብሎ ወሰደ።

«እትዬ፣ እወዳታለሁ ነው ያልኳት። ላገባት እፈልጋለሁ።»

አክስቷም «ታዲያ ይሄ በስልክ ነው እንዴ የሚነገረው? ይዘሃት ና!» አለች።

ይዟት ሄደ፤ በዓመቱም ተጋቡ።