የአቶ ንጋቱ ፍሬን

ሞላልኝ መኪና ሲገባለት መጀመሪያ ሻዩን ይጨርሳል። አዳማ ውስጥ ሃያ ዓመት የመኪና ኤሌክትሪክ ሲሠራ ይህን ልማዱን ለማንም ብሎ አልተወም፤ የቸኮለ ደንበኛ ካለ ሌላ ጋራዥ ሞልቷል ባይ ነው። የዚያን ቀን ጠዋት ግን ብርጭቆውን ከነሻዩ አሮጌ ጎማ ላይ አስቀምጦ ተነሣ። ከላሜራ ቤት ተጎትታ የገባችው ነጭ መኪና የአቶ ንጋቱ ነበረች።

አቶ ንጋቱ በግንቦት ወር በዚህችው መኪና የእህታቸውን ልጅ ይዘው ሲሄዱ ከመንገድ ወጥተው ሁለቱም ሞቱ። ሲነዱ እንቅልፍ ወስዷቸው ነው ተባለ። እህትየው «ልጄን ተኝቶ ገደለብኝ» ብለው ከወንድማቸው ቀብር ቀሩ። የአቶ ንጋቱ ባለቤት ወይዘሮ አስካለ ከዚያ ወዲህ ስድስት ወር ሙሉ ይህን ቃል ሲያብሰለስሉ ያድራሉ።

«አካሏን አስተካክለውልኛል» አሉት፣ መኪናዋን ሳይነኩ ራቅ ብለው ቆመው። «ያ ፍጥነት የሚይዘው ነገር ግን ማንም ሳይነካው ይበራል። አንተ ታውቀዋለህና እየው። ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ንጋቱ ፍሬን ይዞ ነበር ወይስ አልያዘም? ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«አየዋለሁ እትዬ» አለ ሞላልኝ። ዓይናቸውን ግን አላየም።

ክሩዝ ኮንትሮል የሚሉት ነው። ሹፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ ቢያነሣም መኪናዋ ራሷ ፍጥነቷን ይዛ ትሄዳለች፤ ፍሬን ሲነካ ይለቃል፤ መልቀቅ አለበት። ሞላልኝ የመመርመሪያ ማሽኑን ከመሪው በታች ሰካና ቁልፉን ከፈተ። ጽሑፎቹ ተደረደሩ፤ ከሁሉም በታች አንድ መስመር ብልጭ ድርግም ይላል። የፍሬን ፔዳል፣ ተረግጧል። ወንበሩ ላይ ማንም የለም። ሶኬቱን ነቅሎ እፍ አለበትና መልሶ ሰካው። ተረግጧል። ባትሪውን ፈትቶ መልሶ አሰረው። ተረግጧል።

ይህ ሊሆን አይችልም፤ ለምን እንደማይችል ደግሞ ከእሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። በየካቲት አቶ ንጋቱ ክሩዙ አልሠራ ብሏቸው መጥተው ነበር። የፍሬኑ ስዊች ተቃጥሏል፤ ዕቃው ከገበያ ጠፍቷል። ሞላልኝም እንደ ሙያ ጓደኞቹ ሁሉ «ለጊዜው ቀጥታ ላድርግልዎት» አለና ስዊቹን ዘሎ ሁለቱን ሽቦ አገናኘ። ከዚያ ወዲህ የመኪናዋ ኮምፒውተር ፍሬን ቢረገጥም አያውቅም፤ ክሩዙም አይለቅም፤ ሹፌሩ ረግጦ እግሩን ባነሣ ቁጥር መኪናዋ ተመልሳ ትሮጣለች። ዕቃው ሲመጣ ደውዬ እጠራዎታለሁ ብሏቸው ነበር። ዕቃው መጣ፤ እሱ ረሳ።

በጀርባው ተንጋሎ ጭንቅላቱን ከመሪው ሥር አስገባ። ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ እዚያ ውስጥ ግን ጨለማ ነው፤ የአሮጌ ምንጣፍና የአቧራ ሽታ፣ ከዚያም በታች ሌላ ሽታ አለ፣ ቁልቁለት ላይ ብዙ የተረገጠ ፍሬን የሚሸተው የተቃጠለ ሸራ። ስድስት ወር የቆመች መኪና እንዲህ መሽተት አልነበረባትም። በስልኩ መብራት ሽቦዎቹን እየለየ ሄዶ ቀዩን ቴፕ አገኘው። ሦስት ዙር፣ ወደ ግራ የተጠመጠመ፤ የገዛ እጁ ሥራ። አዳማ ውስጥ ያለ ኤሌክትሪሺያን ሁሉ ይህን አጠማጠም ቢያይ የማን እንደሆነ ይናገራል። ቆረጠው። አዲሱን ስዊች ገጠመ፤ ሽቦዎቹን አጽድቶ ወደ ቦታቸው መለሰ።

ያኔ ፔዳሉ ወረደ። ቀስ ብሎ ጉንጩን እስኪነካው ድረስ ወረደና እዚያው ቆሞ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሰው ባለ በሌለ ኃይሉ ሲረግጠው እንደሚሆነው። ከበላዩ የወንበሩ ስፕሪንግ ሲጢጥ አለ። ፔዳሉ ተነሣ። ደግሞ ወረደ። ደግሞ ተነሣ፤ ደግሞ ወረደ። በዚያ ጨለማ ውስጥ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ሞላልኝ የአቶ ንጋቱን የመጨረሻ ደቂቃ ቆጠረ። ሰውየው አልተኙም ነበር። ፈራ፤ ከፍርሃቱ ግን እፍረቱ በለጠ።

እየተንፏቀቀ ወጣ። ወንበሩ ባዶ ነው። የቆረጠውን ሽቦ ከነቴፑ የተቃጠለ ዘይት በርሜል ውስጥ ጣለውና እስኪሰጥም ድረስ ቆሞ አየው።

ወይዘሮ አስካለ እኩለ ቀን ላይ ተመለሱ። «አገኘኸው?»

እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ። ጋራዡን አሰበ፤ ሚስቱን፣ ሁለቱን ሴት ልጆቹን፣ የእስር ቤቱን በር አሰበ።

«መኪናዋ ጤነኛ ናት እትዬ። ፍሬኑን... ፍሬኑን አልያዙም።»

አላለቀሱም። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና «እንግዲያው እህቱ እውነቷን ነው» አሉ። ቆይተው ደግሞ «እስቲ አንተ ነድተህ ሞክርልኝ። እኔ እዚህ እጠብቅሃለሁ» አሉት። እንቢ የሚልበት ምክንያት አልነበረውም፤ ጤነኛ ናት ብሏላ።

በወንጂ መንገድ ወጣ። ግራና ቀኙ ሸንኮራ ነው፤ በመስኮቱ የሞላሰስ ሽታ ይገባል። ፍሬኑን ሦስት ጊዜ ሞከረው፤ ያዘ፤ ትንሽ ልቡ ተመለሰ። ሰማንያ ላይ ሲደርስ አረንጓዴዋ የክሩዝ መብራት በራች። እጁ የክሩዙን ማብሪያ አልነካውም። ፍሬኑን ረገጠ፤ የሞተሩ ድምፅ እንኳ አልተለወጠም። የሞተሩን ቁልፍ አዞረ፤ ሞተሩ አልጠፋም። ፊት ለፊቱ ሸንኮራ የጫነ ትራክተር ተሳቢውን እየጎተተ መንገዱን ያቋርጣል። ፍሬኑ ላይ በሁለት እግሩ ቆመ። ከጫማው ሥር የተሰማው የፔዳሉ ላስቲክ ሳይሆን የሌላ ሰው እግር ነበር፤ ቀድሞት የተቀመጠ፣ እንደ እሱ በሙሉ ኃይሉ የሚረግጥ።

ነገ አንድ ባለሙያ ከመሪው ሥር ገብቶ አዲስ ስዊችና ንጹሕ ሽቦ ያያል፤ ለሞላልኝ ሚስትም መኪናዋ ጤነኛ እንደነበረች፣ ባሏ ግን ፍሬኑን እንዳልያዘ ይነግራታል።