ሁለተኛው መስመር

በሩ ሲከፈት ተማሪው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሣ። ሚጡም ተነሣች፤ ዐይኗን ግን ከጠረጴዛው ላይ አላነሣችም። ዳይሬክተሩ ቀድሞ ገባ፤ ሁለት የመምህራን ብቃት መዛኞች ተከተሉት። በመጨረሻ የገባችው፣ ግራጫ ሹራብ የለበሰችውና ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ያቀፈችው ሴት እናቷ ነበረች።

«ዛሬ ሂሳብ የሚያስተምሯችሁ እንግዳ መምህርት ናቸው» አለ ዳይሬክተሩ። «ከሌላ ክልል ነው የመጡት። እነዚህ እንግዶች ደግሞ ከኋላ ሆነው ይከታተላሉ። እንዳታሳፍሩኝ፣ እሺ?»

«እሺ ቲቸር!»

መዛኞቹ ከኋላ ግድግዳ ሥር ተቀመጡ። አንዱ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና መልሶ አደረገው።

«ሹራቧን አየሽልኝ?» አለች ከሚጡ አጠገብ የምትቀመጠው ጓደኛዋ በሹክሹክታ። ይህች ልጅ ክፍሉን እንደ ጦር ሠራዊት ስለምታዝዝ ሁሉም «ጠቅላይ» ይላታል። «በናትሽ፣ የአያቴን የሶፋ ልብስ አይመስልም?»

ሚጡ ፈገግ አለች። ፈገግታው እንደ ደረቀ ሙጫ ከንፈሯ ላይ ተጣብቆ ቀረ።

ወደዚህ ትምህርት ቤት በመጣች በመጀመሪያው ሳምንት፣ «እናትሽ ምን ትሠራለች?» ብላ የጠየቀቻት ይህችው ጠቅላይ ነበረች። ሚጡም ሳታስብ፣ ከከተማው ማዶ ባለ ትልቅ የግል ትምህርት ቤት እንደምታስተምር ነገረቻት። ውሸት ደግሞ ብቻውን መኖር አይሆንለትም፤ ወንድም እህት ይፈልጋል። ቆይቶ ያ ትምህርት ቤት መዋኛ ገንዳ አወጣ፤ እናቷም መንገዱን ቁልቁል የሚያሳይ የራሷ ቢሮ ኖራት።

እውነቱ ሌላ ነበር። እናቷ ሚጡ ከመወለዷ በፊት ጀምሮ ሂሳብ ያስተማረችው በቀድሞው ክልላቸው ነው። ከዚያ የአባቷ ኩላሊቶች ደከሙ። ደሙን የሚያጥብለት መሣሪያ የተገኘው በዚህ ከተማ ብቻ ስለሆነ፣ ሦስቱም ዕቃቸውን ጠቅልለው መጡ። «ምን ቸገረን» ትል ነበር እናቷ ያን ጊዜ። «ሁለትና ሁለት የትም ቢሄዱ አራት ናቸው።» ሁለትና ሁለት አልተለወጡም፤ የማስተማር ፈቃዷ ግን የክልሉን ድንበር መሻገር አልቻለም። ትምህርት ቤቶቹ «መጀመሪያ የዚህን ክልል ፈቃድ ያምጡ» አሏት። የፈቃድ ቢሮው ደግሞ «መጀመሪያ የሚቀበልዎት ትምህርት ቤት ያግኙ» አላት። አባቷ ይህን በሰማ ጊዜ ከአልጋው ላይ ሆኖ ሳቀ። «ዋና ሳትችዪ ውኃ ውስጥ እንዳትገቢ ማለት እኮ ነው» አለ። «ታዲያ ዋናውን የት ልትማሪው? ምንጣፍ ላይ?» ከዚያ ወዲህ በዚህ ጉዳይ የሳቀ ሰው የለም።

በብዙ ደጅ ጥናት የማሳያ ትምህርት እንድትሰጥ ተፈቀደላት፤ መዛኞች ባሉበት እውነተኛ ተማሪዎችን ማስተማር ማለት ነው። የመጀመሪያውን በሌላ ትምህርት ቤት ሰጥታ ወደቀች። የጣላት የራሷ አመል ነበር። በቀድሞው ትምህርት ቤቷ ሆን ብላ ሰሌዳው ላይ ስህተት ትጽፍና ጠመኔውን ኪሷ ከትታ ፈቀቅ ትላለች፤ ልጆቹም ስህተቱን እንደ ሌባ ለመያዝ ይሻማሉ። እዚህ ግን ተማሪ መምህሩን አያርምም፤ ነውር ነው። ጠብቃ ጠብቃ አንድም እጅ ሳይነሣ ቀረ። መዛኙም «የይዘት ስህተት» ብሎ ጣላት።

ዛሬ የመጨረሻዋ ዕድል ነው። የቀድሞው ትምህርት ቤቷ ቦታዋን ለሌላ ሰው ሳይሰጥ ይጠብቃታል፤ ከዚህ በላይ ግን አይጠብቅም። ካለፈች ሦስቱም አብረው ይኖራሉ። ከወደቀች፣ ሦስት ሆነው የመጡበትን መንገድ እናቷ ብቻዋን ትመለሳለች፤ ሚጡና አባቷ መሣሪያው አጠገብ ይቀራሉ።

ጠዋት እናቷ ቀሚሷን ስትተኩስ ሚጡ አጠገቧ ቆማ ነበር።

«እማ… ክፍል ውስጥ እንደማንተዋወቅ ብንሆንስ?»

ካውያው ቆመ። «ለምን? ለዳይሬክተሩም ለመዛኞቹም ልጄ እዚያ ናት ብያለሁ። ችግር የለውም ብለዋል።»

«ቢሆንም…»

እናቷ ቀና ብላ አየቻት። «እሺ» አለች። «አላውቅሽም።» ከዚያም የተተኮሰውን ቦታ ደግማ ተኮሰችው።

«ያንን የስህተት ጨዋታሽን ደግሞ እንዳታመጪብን!» አለ አባቷ ከውስጠኛው ክፍል። «አንዴ በልቶናል!»

«ቃሌ ነው፤ አልጫወትም።»

አሁን እናቷ ሰሌዳው ፊት ቆማለች። የምትናገረው በሌላ ሰው ድምፅ ነበር፤ ቀጭን፣ ፈሪ፣ ከእያንዳንዱ ቃል በኋላ ይቅርታ የሚጠይቅ የሚመስል ድምፅ። እንዲህ ብላ ጻፈች፤

12 − 2(x − 3) = 10

ቅንፉን ስለ መፍታት አስረዳችና በሁለተኛው መስመር ላይ ጻፈች፤

12 − 2x − 6 = 10

ሚጡ መስመሩን ደግማ አነበበችው። መቀነስ ስድስት አይደለም፤ መደመር ስድስት ነው። ይህን እናቷ ያስተማረቻት ገና ትንሽ ልጅ ሳለች ነበር።

ጨዋታው ይሆን? ግን ቃል ገብታለች። ጠመኔው ኪሷ ውስጥ አይደለም፤ ጣቶቿ መካከል ነው። ፈቀቅም አላለች፤ ሰሌዳውን በትከሻዋ ጋርዳ ሦስተኛውን መስመር ልትጀምር ነው። እውነተኛ ስህተት ከሆነና ሚጡ ከተናገረች፣ በገዛ እጇ እናቷን አሳልፋ ሰጠች ማለት ነው። ጨዋታ ከሆነና ዝም ካለች፣ እናቷ እንደ ባለፈው ትወድቃለች። ምናልባት ደግሞ ማንም ሳያየው ያልፍ ይሆናል። ልጆቹ አቀርቅረው ስህተቱን እንዳለ ይገለብጣሉ። ቀስ ብላ ወደ ኋላ ዞረች። ሴቷ መዛኝ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። ባለ መነጽሩ ግን ሰሌዳውን አየ፤ ጎንበስ አለ፤ አንድ ነገር ጻፈ።

አይቶታል።

የሚጡ እጅ ከእርሷ ፈቃድ ውጪ የተነሣ ያህል ወደ ላይ ወጣ።

«ምን ሆነሻል?» አለች ጠቅላይ የሚጡን እግር በእግሯ እየመታች። «አውርጂ! ባለፈው አንዱ ልጅ ‹ቲቸር ተሳስተዋል› ብሎ ምን እንዳገኘው ረሳሽው?»

እናቷ ዞረች። ዐይን ለዐይን ተገጣጠሙ። «እ… አንቺ» አለች። «አላውቅሽም» ያለችውን ቃሏን ጠብቃ ነበር።

«ቲቸር» አለች ሚጡ፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «ሁለተኛው መስመር… ምልክቱ ትክክል አይመስለኝም።»

እናቷ ወደ ሰሌዳው ዞራ ረጅም ጊዜ ተመለከተች፤ ከኋላዋ የሚታየው አንገቷ ብቻ ነበር፤ ቀስ እያለ ቀላ። ከዚያ ጠመኔውን ኪሷ ከተተች። ፈቀቅ አለች።

«ተሳስተሻል ተባልኩ!» አለች፤ ይህ ድምፅ የራሷ ድምፅ ነበር። «ማን ይፈርድልኛል? ማንም? እሺ፤ የእኔን መልስ እንሞክረዋ።» በስህተቱ መንገድ ቀጥላ x = −2 አገኘች። «በሉ፣ ወደ መጀመሪያው መስመር መልሳችሁ አስገቡት። ስንት መጣ?»

ብዕሮች ተንጫጩ። «ሃያ ሁለት!» አለ አንድ ልጅ ከኋላ፣ እርሱ ራሱ ደንግጦ።

«አሥር መሆን ነበረበት። አሥራ ሁለቱ ከየት መጣብኝ? ማነው የደበቀው?»

«ቅንፉ ውስጥ ነው ቲቸር!»

«አይደለም፣ ምልክቱ ላይ ነው!»

«ተረጋጉ እንጂ!» ብላ ጠቅላይ ተነሣች። «አንድ በአንድ! ቲቸር፣ መቀነስ በመቀነስ ሲባዛ መደመር ይሆናል። ስለዚህ መደመር ስድስት ነው፤ x ደግሞ አራት!»

ክፍሉ ሳቀ። እጆች እንደ ቡቃያ በቀሉ። ሚጡ ግን እጇን ሁለተኛ አላነሣችም።

ደወሉ ሲደወል መዛኞቹ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ሄዱ። እናቷ ሰሌዳውን አጠፋች፤ ቦርሳዋን አነሣችና በሚጡ አጠገብ ስታልፍ አላየቻትም።

«ሴትዮዋ ግን አንደኛ ናት!» አለች ጠቅላይ። «ሹራቧን ይቅር ብያታለሁ። እኔ እኮ የምር የተሳሳተች መስሎኝ ነበር። አንቺ እንዴት አወቅሽ?»

ሚጡ ደብተሯን ከድና ወጣች።

እናቷ ከቢሮው ፊት ለፊት፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ሚጡ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ በመካከላቸው ሌላ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ተረፈ።

«አንተዋወቅም ተባብለን አልነበር?» አለች እናቷ ወደ ፊት እያየች።

«ጨዋታው ነበር?»

እናቷ ጠመኔ የነካቸውን ጣቶቿን ተመለከተች። «አልነበረም» አለች። «እንቅልፍ ካየሁ ሰነባበትኩ። እጄ ዝም ብሎ ጻፈው። አንቺ ስትናገሪ ነው ያየሁት።»

«መነጽር ያደረገው ከእኔ በፊት አይቶታል። ጽፏል።»

«እንግዲያው ይጠይቀኛል።»

«ሆን ብዬ ነው በይው! በናትሽ እማ፣ አንዴ ብቻ። ክፍሉን አይቷል፤ ያምንሻል።»

«ያምነኛል» አለች እናቷ። «ነገ ስህተት ሲሠሩ እንዲናገሩ የምነግራቸው ልጆች አሉ፣ ከቀጠሩኝ። ካልቀጠሩኝም አንቺ አለሽ።» ወደ ሚጡ ዞረች። «ፈርቻለሁ ሚጡዬ።»

እናቷ እንዲህ ስትል ሰምታት አታውቅም።

በሩ ተከፈተ። «አመልካቿ ይግቡ» አለ ባለ መነጽሩ። ፊቱ ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም።

እናቷ ተነሣች። በኮሪደሩ ማዶ ጠቅላይ ከሌሎች ልጆች ጋር የክፍሉ በር ላይ ቆማ ታያቸዋለች። ሚጡም አየቻት። የመዋኛ ገንዳው፣ ቢሮው፣ መንገዱን የሚያሳየው መስኮት ሁሉ በአንድ ጊዜ ትዝ አላት።

«እማ» አለች። በሹክሹክታ አልነበረም፤ ኮሪደሩ አስተጋባው። «ቦርሳሽን ስጪኝ። እዚሁ ሆኜ እጠብቅሻለሁ።»

እናቷ ቦርሳውን ሰጠቻት፤ ሹራቧን አስተካክላ ገባች። በሩ ተዘጋ።

ጠቅላይ በዝግታ ወደ እርሷ መጣች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የምታዝዘው ነገር የጠፋት ትመስል ነበር። ሚጡ ቦርሳውን ዕቅፏ ላይ አድርጋ ወንበሩ ላይ ቦታ ልትለቅላት ጠጋ አለችላት።