ከጎርፍ የወጣችው ሞተር

ኤርጎጌ ሞተር ሳይክሏን ባኪ በምትባል የኪራይ ጭነት መኪና አስጭና ትሮይቪል ሰፈር ጋራዡ የደረሰች ዕለት፣ አየነው የሰው መኪና ስር ተንጋሎ ይሠራ ነበር። መጀመሪያ ያየው ጫማዋን ነው። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቷ ወጥቶ ደርቆባታል።

«መካኒኩ አንተ ነህ?»

«ነኝ» አላት ሳይወጣ።

«እባክህ ይቺን ሞተር አስነሳልኝ። ጎርፍ ውስጥ አድራ ነው።»

በጀርባው እየተንሸራተተ ወጣ። ዘመኑ የኮሮና ነውና አፍና አፍንጫዋ በማስክ ተሸፍኗል። ዓይኖቿ ግን ሲያለቅሱ እንደሰነበቱ ገና እንዳያቸው ገባው።

ሞተሯን ተጋግዘው ሲያወርዷት ከጭስ ማውጫዋ ውሃ ተንዠቀዠቀ። በጎማዋ ዘንጎች መካከል ሣርና የቺፕስ ላስቲክ ተሰክቷል። በየካቲት በወረደው ዝናብ የክሊፕታውን ወንዝ ሞልቶ እነኤርጎጌ ሰፈር ውስጥ ገብቶ ነበር። ኤርጎጌና ታላቅ ወንድሟ ዱካሞ የሚሠሩባት፣ ስፓዛ የምትባል ትንሽ የሰፈር ሱቅ እስከ ሁለተኛው መደርደሪያ ስትጠልቅ፣ ከሱቋ ጀርባ የታሰረችው ሞተር ጭራሽ ከዓይን ተሰውራ ነው ያደረችው።

«ልታስነሷት ሞክራችኋል?»

«ዱካሞ ሊረግጣት ሲል እጁን ያዝኩት።»

«እግዜር ይስጥሽ! ውሃ እንደ አየር አይታመቅም። ፒስተኑ ሲገፋው እምቢ ይላል፤ ያኔ ብረቱ ይጎብጥና አለቀላት ማለት ነው።» ጎንበስ ብሎ ዳሰሳት። «ያንቺ ናት?»

«የታናሽ ወንድሜ የማናሴ።»

«ታዲያ እሱ ምነው አልመጣ?»

ኤርጎጌ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። «በጥር ቀበርነው። ይኼ በሽታ ነው የወሰደብን።»

 አየነው የሐዘን ቃል ሲፈልግ ከአፉ የወጣው የመካኒክ ቃል ሆነ። «አስነሳታለሁ» አላት።

ዳንግላ ተወልዶ ባሕር ዳር ጋራዥ ያደገ ስደተኛ ነው አየነው። እጁ ፈጣን፣ ምላሱ ግን ዘገምተኛ ነበር። ግቢውን የሚጋራው ከሊል የተጋጩ መኪኖች ቀጥቃጭ ሲሆን፣ የሁለቱን ወሬ ብቻውን ያወራል ማለት ይቻላል።

በማግስቱ ኤርጎጌ ተመልሳ መጣች። ሥራውን ማየት እፈልጋለሁ አለች። አየነው ሰው አጠገቡ ቆሞ ሲያየው አይወድም፤ እሷን ግን የተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ጠቁሞ አስቀመጣት።

ዘይቱን ሲያወርደው ወተት እንደተጨመረበት ሻይ ሆኖ ወረደ። ቤንዚኑን ደፋ፣ ካርቡሬተሩን ፈታ፣ ባትሪውን አወጣ። ቀጥሎ ካንዴላውን ነቀለና ማርሽ አስገብቶ የኋላ ጎማዋን በእጁ ቀስ ብሎ አዞረ። ከቀዳዳው ውሃ ተፈናጥሮ ኤርጎጌን ከግንባሯ እስከ አገጯ አጠባት።

አየነው ደንግጦ ብድግ አለ። እሷ ግን የራሰውን ማስክ ከፊቷ አውርዳ መሳቅ ጀመረች። እስኪያማት ሳቀች፣ ሳቁም መልሶ ዕንባ ሆነባት። አየነው ንጹሕ ጨርቅ እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ሙሉ ፊቷን ገና ማየቱ ነበር፤ ከንፈሯ ላይ ያለችውን ትንሽ ጠባሳ ሳይቀር።

«ማናሴ ቢያየኝ ሲስቅ ይውል ነበር» አለች ፊቷን እየጠረገች።

ከዚያ በኋላ ዱካሞ ዕቃ ለማምጣት ወደ ከተማ በወጣ ቁጥር አብራው እየመጣች ትሮይቪል ትወርዳለች። ስለ ማናሴ ትነግረዋለች። ያ ሁሉ ሰው ቤት የተዘጋበት ጊዜ፣ በዚህች ሞተር ዳቦና ወተት እየጫነ ከቤት መውጣት ለፈሩ ጎጎዎች ደጃፋቸው ድረስ ያደርስ ነበር። አሮጊቶቹ ስሙን መያዝ ስላቃታቸው «ማናዬ» ይሉታል። እሷንም ኳስ ሜዳው ላይ መንዳት አስተምሯታል።

«ስትነሳ እኔው ነኝ የምነዳት» አለችው አንድ ቀን። «የሱን ሥራ እኔ እቀጥላለሁ።»

«ሴት ልጅ በሞተር ክሊፕታውን ውስጥ?»

«ምን አለበት? አንተም እንደ ዱካሞ ልትሆን ነው?»

«አይ፣ እኔማ...» አለና ወደ ሥራው ጎንበስ አለ። ልቡ ያለው «እኔማ ከኋላሽ ተቀምጬ አብሬሽ እዞራለሁ» ነበር።

አንድ ቀን ከአጠገባቸው ካለው ሱቅ ኮታ ገዝታ መጣች። ሩብ ዳቦው በድንች ጥብስና በቋሊማ ታጭቋል። ለሁለት ገምሳ ስትሰጠው አየነው ግማሹን ይዞ አንገቱን ደፋ።

«አትበላም?»

«ጾም ገብቷል።»

«ውይ!» አለች አንገቱ ላይ ያለውን ማተብ ገና ያየችው ይመስል። ከእጁ ተቀብላ ቋሊማውን አንድ በአንድ ለቀመችና ድንቹን ብቻ አስቀርታ መለሰችለት። «ይኸው፣ አሁን ኦርቶዶክስ ሆኗል።»

ከሊል ከወዲያ ማዶ መዶሻውን ጥሎ ሳቀ። አየነውም ሳቀ። ማታ ግን ሐሳቡ ሌላ ነበር። የሷ ቤተሰብ ሆሳዕና ከተማ የታወቀ የወንጌላውያን ቤተሰብ ነው፤ አባቷ ሰባኪ ናቸው። ዱካሞም በየእሑዱ መዘምራን ፊት የሚቆም ሰው ነው። የዳንግላ ማተበኛ ምን ብሎ ነው ደጃቸውን የሚያንኳኳ?

ጾሙ ሳይጋመስ አንድ ጠዋት፣ ዘይቱን ደጋግሞ ለውጦ፣ እርጥብ የነበረውን ሁሉ ፀሐይ ላይ አድርቆ አየነው ሞተሯ ላይ ወጣ። መጀመሪያ ሲረግጣት እንደ ሰው ሳለች። ደግሞ ሲረግጣት ነጭ ጭስ ተፋች። ቀጥሎ ግን ተነሳች! እየተንተባተበች ጀምራ ቀስ በቀስ ድምፅዋ ጠራ።

ደስታው ልክ አልነበረውም። ስልኩን አወጣ፤ ጣቱ ስሟ ላይ አረፈ። ከዚያ የሚሆነው ሁሉ በዓይኑ መጣበት። ትመጣለች፣ ታመሰግነዋለች፣ ሞተሯን አስነስታ በዚያ በር ትወጣለች። ከዚያስ? ምን ብላ ትመለሳለች?

ሞተሯን አጠፋት። ስልኩን ኪሱ ከተተው።

በሳምንቱ ስትመጣ «ሽቦው ገና ነው» አላት። በሌላው «ፊውዙ አስቸገረኝ» አላት። ሞተሯ መነሳቷን ከሊል ሰምቷል፤ ለባለቤቷ እንዳልተነገረ ግን አያውቅም፤ ያልተወሰደችበትን ምክንያት የሁለቱ ጉዳይ ነው ብሎ ትቶታል። አየነውም ለራሱ ምክንያት አላጣም። ትንሽ ትላመደኝ፣ የልቤን እነግራትና አብረን እናስነሳታለን ይላል። ግን የሚነግርበትን ቀን ሲመርጥ፣ የመረጠውን ሲያሳልፍ ፋሲካ ቀረበ።

«ከፋሲካ በፊት ትደርሳለች?» አለችው አንድ ከሰዓት።

«አይቀርም።»

«አይቀርም አትበለኝ። ቁርጡን ንገረኝ።»

«ምን አስቸኮለሽ?»

ኤርጎጌ የሞተሯን መቀመጫ በመዳፏ አበሰች። አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። «ምንም» አለች።

ያን ጊዜ ምነው በጠየቅኳት ይላል አየነው እስከ ዛሬ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ምነው ኤርጎጌ፣ ምን ሆነሻል ብዬ ምነው በጠየቅኳት።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ አየነው ዕቃ ሊገዛ ወጥቶ ሳለ መጣች። ከሊል ብቻውን ነበር። ሊያስደስታት ፈልጎ «ነይ እስቲ ላሰማሽ!» አለና ሞተሯን ረገጣት። በአንድ ምት ተነሳች።

ኤርጎጌ ባለችበት ደርቃ ቀረች። «መቼ ነው የተነሳችው?»

«ኧረ ቆየች! ጾሙ ሳይጋመስ አይደል እንዴ? አልነገረሽም?»

 ኤርጎጌ ሞተሯ ስትሠራ ለጥቂት ጊዜ ቆማ አዳመጠች። ከዚያ «አጥፋልኝ» አለችውና ሞተሯን እዚያው ትታ በእግሯ ወጣች።

አየነው ሲመለስ ከሊል የሆነውን ነገረው፤ ሳይጨርስለት ሞተሯን አስነስቶ ወደ ክሊፕታውን በረረ። ስልኳን ስትዘጋበት፣ ያለው መንገድ ያ ብቻ ነበር።

ዱካሞ ሱቁ በር ላይ የቢራ ሳጥን ላይ ተቀምጧል። ሞተሯን ሲያያት ተነሳ። አየነው ላይ ሳይሆን ሞተሯ ላይ ነበር ዓይኑ።

«ተነሳች እንዴ?»

«ተነሳች፣ ጋሼ ዱካሞ።»

«ጌታ ይባርክህ» አለ ዱካሞ፤ ድምፁ ግን ደስታ አልነበረበትም። «ዘገየህ እንጂ። ለኤርጎጌ ፖሎክዋኔ ከተማ ካለ ሰው ሽማግሌ ተልኮ ነበር። ጌዴዎን የሚባል፣ ሱቅ ያለው፣ እግዚአብሔርን የሚፈራ ልጅ ነው። አላገባም፣ በሞተሯ ሠርቼ ራሴን እችላለሁ አለችኝ። እኔ አንድ ወንድም ቀብሬያለሁ፤ እሷንም በዚህ አደገኛ አገር ብቻዋን ትቼ እንዴት ልተኛ? እንግዲያው እስከ ፋሲካ ትነሳና ሠርተሽ አሳዪኝ፤ ካልሆነ ለሽማግሌዎቹ እሺ ትያለሽ አልኳት። ጠበቀች፣ ጠበቀች። በፋሲካ ማግስት እሺ አለች።»

 ሻጭና ገዢን ከሚለየው የሱቁ የሽቦ መረብ ወዲያ፣ ከባንኮኒው ጀርባ ኤርጎጌ ቆማ አየነውን ታየዋለች። ዱካሞ አንዴ እሱን አንዴ እህቱን አየና ቀስ ብሎ ወደ ጓሮ ሄደ።

አየነው ወደ ሽቦው ተጠጋ።

«ኤርጎጌ... አልነገርሽኝም እኮ።»

«ብነግርህ ለእኔ አዝነህ የምትቸኩል መሰለኝ። ሰው እንዲያዝንልኝ አልፈለግሁም።» ድምፅዋ ረጋ ያለ ነበር። «አንተስ? ለምን ደበቅከኝ?»

«ከተነሳች አትመለሺም ብዬ ፈራሁ።»

ኤርጎጌ ዓይኗን ጨፈነች።

«ሳውቦና ሲሲ!» አለች አንዲት ሴትዮ በአገሬው ሰላምታ፣ ከአየነው ጎን ብቅ ብላ። «ዳቦ አለ?»

«ዬቦ ማማ» ብላ ኤርጎጌ ሰላምታውን መለሰች። ዳቦውን በሽቦው ቀዳዳ አቀበለች፣ ሒሳብ ተቀበለች፣ መልስ ሰጠች።  ሴትዮዋ ዳቦዋን ይዛ ራቀች።

«አንተ ሞኝ» አለችው ከዚያ በቀስታ። «እኔ እኮ ብትነሳም እመጣ ነበር። ያን ሁሉ ቀን ሞተር ለማየት የመጣሁ መሰለህ?»

አየነው ሽቦውን በሁለት እጁ ያዘ። «አሁንም አልረፈደም። ለወንድምሽ እነግረዋለሁ። እግሩ ላይ እወድቃለሁ። ማተቤንም ቢሆን...»

«ተው» አለችው። «ማተብህን እንድትበጥስ አልፈልግም። ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ አየነው። ያ ሰውዬ ምን በደለኝ? ቤተሰቦቹ ሆሳዕና አባቴ ቤት ሄደው ተቀምጠዋል። አባቴ ማናሴን አፈር እንኳ ሳያለብስ ነው የቀረው፤ አሁን ደግሞ እኔ ላዋርደው?»

«ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ብዬሃለሁ። የከፋኝ እሱ አይደለም።» በሽቦው ቀዳዳ ጣቶቿን አሾልካ እጁን ነካች። ጣቶቿ ቀዝቃዛ ነበሩ። «አንድ ቃል ብቻ ነበር እኮ የጎደለው። ከአንተም ከእኔም።»

ሁለት ሕፃናት ከረሜላ ሊገዙ እየተሯሯጡ መጡ። እጇን ሰበሰበች። አየነው የሞተሯን ቁልፍ በሽቦው አቀበላትና ታክሲ ተራው ድረስ በእግሩ ሄደ። አንዴም አልዞረም፤ ቢዞር መሄድ እንደማይችል ያውቅ ነበር።

ሠርጉ በሰኔ፣ ብዙ ሰው እንዳይሰበሰብ በተከለከለበት ወቅት በጥቂት ሰው ተደረገ። አየነው አልተጠራም። በዓመቱ ከሊል ለሥራ ፖሎክዋኔ ደርሶ ሲመለስ አየኋት አለው። ሞተሯን ባሏ አስጭኖላት ኖሮ፣ ዳቦ ጭና ከሰፈር ሰፈር ስታዞር አግኝቷታል። ሆዷ ገፋ ብሏል፤ ባሏ ከእንግዲህ እስክትወልድ ተዪ እያለ ይለምናታል።

«ደስተኛ ናት?» አለ አየነው።

«ትስቃለች» አለ ከሊል። ከዚያ፣ ለወትሮው ወሬ የማያልቅበት ሰው፣ መዶሻውን አንስቶ ወደ ሥራው ዞረ።

ዛሬም አየነው እዚያው ትሮይቪል ነው፤ አላገባም። ደንበኞቹ አንድ ጠባዩን ያወራሉ። መኪና በተነሳ ደቂቃ፣ እጁ ላይ ያለውን ዘይት እንኳ ሳይጠርግ ለባለቤቱ ይደውላል። ባለቤቱ ሥራ ላይ ነኝ፣ ነገ እመጣለሁ ካለው ይቆጣል።

«ዛሬ ና» ይለዋል። «አልቋል። ዛሬውኑ ና።»